ዓሣው እምቢ ያለበት ክረምት

ኖቬምበር 23፣ እሑድ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የልብ ክፍሏ ነርስ ናት፤ የደም ግፊቴንና ስሜቴን በየቀኑ እንድጽፍበት። የደም ግፊቴን ማሽኑ ራሱ ይይዘዋል። ስሜቴ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ተናድጃለሁ። ስለዚህ ስለ ዓሣ እጽፍበታለሁ። አማርኛ አታነብ፣ ምን ታደርገኛለች።

ትናንትም ባዶ። ሌክ ዋሽንግተን ላይ ከማለዳ ጀምሬ ተጎልቼ አንድም ባስ አልነካልኝም። ባስ በሞቃቱ ወራት ያገኘውን ሁሉ የሚሰለቅጥ ሆዳም ዓሣ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን ጥልቁ ውስጥ ይወርድና እንደ ጡረተኛ ይቀመጣል፤ የጎማ ትሉን አፍንጫው ሥር ብታንጠለጥልለት እንኳ አፉን ለመክፈት ይሰንፋል። እስከ ማርች እንዲህ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ "ተስፋ አትቁረጡ፣ ቀስ እያላችሁ ጎትቱ" ይላል። እሱ በቲሸርት ነው የሚያጠምደው።

ሌላ ምን ሥራ አለኝና። ኦክቶበር ላይ ልቤ ውስጥ ሽቦ ካስገቡልኝ ወዲህ፣ እዚህ ሲያትል ሶዶ ሰፈር ባለው መጋዘን ፎርክሊፍት መንዳቴ ቀርቷል። ዕቃ ማንሳት ክልክል። ጨው ክልክል። መናደድ ክልክል። ባለቤቴ ናርዶስ ክልክሉን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። ዓሣ ማጥመድን ብቻ ሐኪሙ ፈቀደ፤ "ልብ ያረጋጋል" ብሎ። ሰውዬው አጥምዶ አያውቅም ማለት ነው። እሱንም ብቻዬን እንዳልሄድ ተብያለሁ። ስለዚህ ጓደኛዬን ፊሊጶስን እለምናለሁ። ጀልባዬም የምትቆመው ኦቴሎ ሰፈር እሱ ግቢ ውስጥ ነው፤ እኛ ሌክ ሲቲ አፓርትመንት ውስጥ የት እናቁማት። ፊሊጶስ ብርድ አይወድም፣ ውሃ ይፈራል፣ ዓሣም አይበላም።

እማዬ ስለ ልቤ አታውቅም። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል፣ ሳል ከያዛትም ከርሟል። ቦዲቲ አብራት የምትኖረውን እኅቴን ወይንሸትን ቃል አስገብቻታለሁ፦ ኤፕሪል ላይ ሄጄ እማዬ ፊት እስክቆም ድረስ አንዲት ነገር እንዳትተነፍስ። ለእማዬ የተነገራት "ፈቃድ ወጥቷል" ተብሎ ነው። ያኔ ሶዶ ሥራ አገኘሁ ስላት የሲያትሉን ሰፈር ከወላይታው ሶዶ አልለይም ብላ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ እዚህ ቅርብ ገባ" ብላ ያወራች ሴት ናት። እውነቱን ብነግራት በእግሯ ትመጣለች።

ሁሌ እሑድ ጠዋት ከቸርች በፊት እደውላለሁ። ሰላምታው ሳያልቅ "ሳምንቱንስ ያዝክ?" ትለኛለች። ይዞ መልቀቅ የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። "ምን ያደረገህ ፍጡር ነው፣ አፉን በሽቦ ወግተህ ደህና ሁን የምትለው?" ትላለች። ዛሬ "አልያዝኩም" አልኳት። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ዲሴምበር 7፣ እሑድ

ዋሸኋት። ትልቅ ባስ ያዝኩ አልኳት። ደስ አላት መሰለኝ፣ ሳሏ እስኪያቋርጣት ድረስ ጠየቀችኝ። ጀልባው ላይ ራስህ ወጣህ? ራስህ ጎተትከው? ክንድህ አልደከመም?

"እማዬ፣ ዓሣ ነው እንጂ በሬ አይደለም" አልኳት።

"ይሁን፣ ልጠይቅ ብዬ ነው" አለች።

ስለ ዓሣው መጠን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ስንት ኪሎ እንደምለው አዘጋጅቼ ነበር።

ድምፅሽ ምነው ስላት "ብርድ ነው" አለች። ወይንሸትም ከኋላ "ብርድ ነው" ስትል ሰማኋት።

ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ፊሊጶስ ቀረ። የጸሎት ፕሮግራም አለብኝ አለ። ባለፈው ልደት ነበረበት፣ ከዚያ በፊት ጥርሱን። ናርዶስ "አንድ ወር ብትተወው ዓሣው የት ይሄድብሃል?" አለችኝ።  መናደድ ክልክል ነው።

ዲሴምበር 21፣ እሑድ

ትናንት ወጣን። ጀልባዋ ላይ ባለው ዓሣ ማሳያ ስክሪን ዓሦቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ታች ጭቃው ላይ ተደርድረዋል። ትሉን አወረድኩላቸው። ጠበቅኩ። ትንሽ ነቅነቅ አደረግኩት። ጠበቅኩ። ቀለሙን ለወጥኩ። ፊሊጶስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ "ሶ፣ ካየሃቸው በቃ፤ ሰላም ብለን እንመለስ" አለ። ብገፈትረው ደስ ባለኝ።

ማታ ናርዶስ ስትተኛ አሰብኩበት። ለምንድነው የማልተወው? እልህ ብቻ አይደለም። ቤት ስቀመጥ የልቤን ምት አዳምጣለሁ። አንዱ ምት ትንሽ ከዘገየ ላብ ያጠምቀኛል፤ አልቆልኛል እላለሁ። ውሃው ላይ ግን የማዳምጠው ክሩን ነው። በክረምት ባስ ሲበላ አይጎትትም፤ ክሩ ላይ እርጥብ ቅጠል ያረፈ ያህል ትንሽ ይከብዳል፣ በቃ። ያንን ለማወቅ አሳብን ሁሉ ጣት ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሞት አይታሰበኝም። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለናርዶስ ብነግራት ነገ ሆስፒታል ታስተኛኛለች።

እማዬ ዛሬ ብዙ አላወራችም። ሳሉ።

ዲሴምበር 28፣ እሑድ

"ሳምንቱንስ?" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወይንሸት ስልኩን ወሰደችው። ሐኪም ቤት ውሰጃት ብዬ ጮህኩባት። "ወስደናታል፣ መድኃኒት ተሰጥቷታል፣ አንተ ራስህን ጠብቅ" አለችኝ። አሁኑኑ ልሂድ አልኩ። ናርዶስ ሐኪሙ ጋ ደወለች፤ እስከ ፌብሩዋሪ ቀጠሮ ድረስ አውሮፕላን ክልክል።

ክልክል። ጨጓራዬን ላጡት።

ቢያንስ አንድ ዓሣ ልያዝ። ቪዲዮ ቀርጬ ልላክላትና ትሳቅብኝ።

ጃንዋሪ 4፣ እሑድ

ስልኩ አልተነሳም። አምስት ጊዜ ደወልኩ። ከዚያ ወይንሸት "ኔትወርክ የለም፣ እማዬ ተኝታለች፣ ደህና ናት" ብላ ጻፈችልኝ። ኔትወርክ ከሌለ ጽሑፉ በምን መጣ? የኢትዮጵያ ስልክ ነገር እንዲህ ነው።

ጃንዋሪ 6፣ ማክሰኞ

ፊሊጶስ ራሱ ደወለ። "ዛሬ አንወጣም?" ይለኛል። ፊሊጶስ። በማክሰኞ። በዚህ ዝናብ። ሥራስ ስለው አስፈቀድኩ አለ። ለዓሣ የሚያስፈቅድ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ሄድን። ባዶ። ግን ሲመለስ እንኳ አላጉረመረመም። ቴርሞስ ሙሉ ሻይ ይዞ መጣ፤ ስቀዳ እጄን እያየ።

ናርዶስ ጉንፋን ይዟታል፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ጃንዋሪ 7፣ ረቡዕ፣ ገና

ቸርች የገና ፕሮግራም ነበር። ሰው ሁሉ ምን ነክቶታል? እጅ የሚነሳኝ የነበረው ሁሉ አቅፎ አይለቀኝም። "አይዞህ፣ በርታ" ይላሉ። ስለ ልቤ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ግን ከኦፕሬሽኑ ሦስት ወር ሊሆነው ነው፣ አሁን ነው እንዴ የታወሳቸው? ሽማግሌያችን ጋሽ መንግሥቴ መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው "አጽናኙ መንፈስ ቤትህን ይሙላው" ብለው ረጅም ጸሎት ጸለዩልኝ። ምግቡ ቀዘቀዘ።

ጃንዋሪ 11፣ እሑድ

ወይንሸት፦ እማዬ ተኝታለች፤ ስለ ዓሣው ንገረኝ፣ እኔ እነግራታለሁ። ነገርኳት፤ ምንም የለም፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው አልኳት። ትንሽ ቆይታ "በርታ ብላሃለች" ብላ ጻፈች። እማዬ "በርታ" የምትለው ፈተና ለሚፈተን ልጅ ነው። እኔን "ታዲያ ቤትህ አትቀመጥም?" ነው የምትለኝ። መድኃኒቱ አደንዝዟታል ማለት ነው።

ልጄ መክሊት ስልኬን አፕዴት ላድርግልህ ብላ ወሰደችው። ሲመለስ ፌስቡክ የለም። የት አለ ስላት "ኢት ክራሽድ፣ ዳድ" ብላ ክፍሏ ገባች። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስልክ የምታበላሸው እኔን ለመቅጣት ይመስለኛል።

ጃንዋሪ 17፣ ቅዳሜ

አሁን ገባኝ። ጀልባዋን ሊሸጡብኝ ነው።

ትናንት ማታ ጋሽ መንግሥቴና ፊሊጶስ ቤት መጡ። እኔ መድኃኒቴን ውጬ ተኛሁ ብዬ ገባሁ። በሩ አልተዘጋም። ጋሽ መንግሥቴ "ከሐኪሙ ቀጠሮ በኋላ ይሻላል፤ ሐኪሙ ልቡ ይችላል ካለ ያኔ እናደርገዋለን" ይላሉ። ፊሊጶስ "እስከዚያ ውሃው ላይ ይቆይልኝ፤ እዚያ ስልክም አያነሳም፣ ሰውም አያገኘውም" አለ። ናርዶስ "እኔ አሁን አልችልም፣ ፊቱን ማየት አልችልም" አለች። ከዚያ የመክሊት ድምፅ፣ "ሂ ዊል ሄት አስ" ብላ።

በርግጥ ነው የምጠላችሁ። ናርዶስ ድሮም ያቺን ጀልባ አትወዳትም። ሁለት ዓመት ትርፍ ሰዓት ሠርቼ የገዛኋት ናት። ፊሊጶስንም ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያስወጣው ይህ ነው፤ ይሉኝታ። የሰውን ጀልባ ከመሸጥህ በፊት ትንሽ ታንሸራሽረዋለህ።

 ዛሬ ኦቴሎ ሄጄ የጀልባዋን ቡሽ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ከወለሉ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ የሚደፈንበት ቡሽ ነው፤ ያለ እሱ ማንም ሊሞክራት አይችልም። የሚገዛት ይምጣ፣ በእግሩ ይዋኝ።

ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ቡሹን ረሳሁት።

መንጠቆ አልረሳሁ፣ ትል አልረሳሁ፣ ሻይ አልረሳሁ። ከወደቡ በደንብ ርቀን ትሉን ካወረድኩ በኋላ ነው እግሬ ሥር ውሃ ያየሁት። ፊሊጶስ እኔን ለመሸኘት የመጣው በቸርች ጫማው ነው። "ይሄ ውሃ ከየት ነው?" አለኝ። "ከሐይቁ" አልኩት። ቡሹ ሌክ ሲቲ፣ ሌላኛው ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው። ፊሊጶስ ካልሲውን አውልቆ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀ፤ ሞተሩን እኔ ያዝኩ፤ እሱ በቴርሞሱ ክዳን እየቀዳ ወደ ውጭ እየደፋ "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" ይላል። ባይሆን ቴርሞሱን ራሱን ብትጠቀም ስለው ሰደበኝ። ሲሳደብ ሰምቼው አላውቅም።

መሬት ስንረግጥ ተቀምጦ አለቀሰ። ውሃ ይፈራል ብያለሁ፤ ግን እንዲህ አይደለም የሚለቀሰው። "ዛሬ አንተ ብትሰጥም ወይንሸትን ምን እላታለሁ? ሁለተኛ ደግሞ አንተን?" አለኝ። ሁለተኛ ምን ስለው አፉን ያዘ። "ሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል ከምትገባ ማለቴ ነው" አለ።

በእግዚአብሔር ቤት የሚያገለግል ሰው ስለ አንዲት ጀልባ እንዲህ ይዋሻል።

ፌብሩዋሪ 1፣ እሑድ

ዛሬ ወይንሸትን ቪዲዮ ክፈቺልኝ፣ የእማዬን ፊት ልየው አልኳት። ራሷ ብቻ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብላ "መብራት የለም" አለች። ከኋላዋ አምፖሉ በርቶ ይታየኛል። ጨርቅ ነገር ጭንቅላቷ ላይ አስራለች፤ ጥቁር ነው። ምን ሆነሽ አልኳት። "ራሴን አሞኝ ነው" አለች። ኦኬ፣ በሚቀጥለው አልኳትና ቶሎ ብዬ ስለ ዓሣ ማውራት ጀመርኩ። ስላልያዝኩት ዓሣ ብዙ አወራሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"እማዬ በጣም ደስ ብሏታል" ብላ ጻፈችልኝ። ባልያዝኩት?

ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ

ሐኪሙ ልብህ በጣም ጥሩ ነው አለኝ። ሥራ ከማርች። አውሮፕላንም ይቻላል። ናርዶስ ውጭ ጠብቀኝ አለችና ከሐኪሙ ጋር ቀረች። በሩ ሲከፈት የመጨረሻውን ሰማሁ፦ "ከባድ ነገር ቢሰማስ?" ሐኪሙ "ይችላል፣ ብቻ ብቻውን እንዳይሆን" አለ። ለአንድ ጀልባ የልብ ሐኪም ታማክራለች።

መኪና ውስጥ ኤፕሪልን አልጠብቅም አልኳት። በሁለት ሳምንት ውስጥ እሄዳለሁ፤ ዓሣውም ይቅር፣ እማዬ ፊት ቆሜ ሁሉንም እነግራታለሁ፣ ልቤንም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ናርዶስ አልነዳችም። ከኋላ ክላክስ እስኪያስጮኹብን ድረስ መሪውን እንደያዘች ቀረች።

ማታ ስልክ ላይ "ቅዳሜ ንጋት፣ ከመውጣቱ በፊት" ስትል ሰማኋት። ገዢው ቅዳሜ ሊመጣ ነው ማለት ነው። እሺ። እቀድማቸዋለሁ።

ፌብሩዋሪ 7፣ ቅዳሜ

እማዬ።

ፌብሩዋሪ 13፣ ዓርብ

ቤቱ ከሰው ሊጠራ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘምሩ፣ ሲጸልዩ፣ ምግብ ሲያመጡ ከረሙ። እጃቸውን ሲዘረጉልኝ እጄን ሰጠሁ፣ ብላ ሲሉኝ በላሁ። አሁን ልጻፈው፤ አለዚያ አብዳለሁ።

ቅዳሜ ገና ጨለማ ሳለ ሁሉም ሳይነሱ ወጣሁ። ኦቴሎ ሄጄ፣ የፊሊጶስን በር ሳላንኳኳ፣ ጀልባዋን መኪናዬ ላይ ቀጥዬ ሐይቁ ወረድኩ። ቡሹን አስገባሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ ልጅ ነበር ደስ ያለኝ፤ የቀደምኳቸው መሰለኝ። እነሱ በዚያ ሰዓት ሌክ ሲቲ ደርሰው ናርዶስን ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አግኝተዋታል። መርዶ የሚነገረው ሰውዬ የለም።

ልክ ሲነጋ ክሩ ከበደኝ። ጎተትኩ። ክረምቱን ሙሉ እምቢ ያለኝ ባስ፣ ክንዴን የሚያህል፣ ያውም ሁለተኛ ሙከራ ሳይጠይቀኝ መጣ። ስልኬን ጀልባዋ ጠርዝ ላይ አቁሜ ቀረጽኩት። "እማዬ፣ እዪው፤ አሁን ደግሞ ልለቀው ነው፣ ተናደጂ" አልኩ። ሳቅኩ። ለቀቅኩት። ለወይንሸት ላክሁላት። ወዲያው አየችው፤ ምልክቱ ሰማያዊ ሆነ። መልስ አልመጣም። ቆየሁ። መልስ አልመጣም።

ስመለስ መውጫው ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ጋሽ መንግሥቴ መሐል። ይህን ያህል ሰው ለአንድ ጀልባ ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። "አትሸጥም፣ ጋሼ" አልኳቸው ከውሃው ላይ። "በከንቱ ነው የደከማችሁት፣ ሂዱ።"  ፊሊጶስ ብቻ ከመሐላቸው ወጣና በጫማው፣ በሱሪው፣ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ገመዱን ያዘልኝ። ያ ውሃ የሚፈራው ሰውዬ። ከዚያ ናርዶስን አየኋት፤ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች።

ጋሽ መንግሥቴ "ልጄ፣ እናታችን ወደ ጌታ ሄደዋል" አሉ።

"መቼ?" አልኩ።

"የገና ሰሞን።"

ፊሊጶስ አቅፎ ያዘኝ። እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የጮህኩት ጩኸት ከእኔ የወጣ አይመስለኝም ነበር።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው፦ አገር ቤት ያሉት ወንድሞቼና ወይንሸት አብረው አልቅሰው ጨርሰዋል። ቀብረው፣ ድንኳን ጥለው፣ ድንኳን አንሥተው። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እሷ አፈር ከገባች በኋላ እሑድ እሑድ ስለ ውሃ ቅዝቃዜ ሳወራ፣ ሁሉም ፊቴን እያዩ ሻይ ሲቀዱልኝ።

ለናርዶስ ይቅር አልልሽም አልኳት። ሰው በተሰበሰበበት አይደለም፤ ኩሽናው ውስጥ ነው። ሳህኑን አስቀመጠችና "በየሌሊቱ ትተነፍስ እንደሆነ ደረትህ ላይ እጄን እያደረግኩ ነው ያደርኩት" አለች። "አንተስ ለእናትህ ስለ ልብህ ምን ብለሃቸው ነበር? አንተ ያደረግከውን ነው ያደረግነው።"

ይሄ ሌላ ነው አልኳት። ከኩሽናው ወጣሁ።

ፌብሩዋሪ 18፣ ረቡዕ

ወይንሸት ትደውላለች። አላነሣም። ከሁሉም የዋሸችኝ እሷ ናት፤ በእማዬ አፍ ነው የዋሸችኝ።

ፊሊጶስ ቡሹን አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። አሁን መጠበቅህን ተው፣ ሥራህ አልቋል አልኩት። "እሺ" አለ። አልሄደም። ተቀምጦ ከእኔ ጋር ቴሌቪዥን አየ።

ፌብሩዋሪ 22፣ እሑድ

አነሣሁት። በሰዓቱ፣ ከቸርች በፊት። ልሰድባት ነበር ያነሣሁት።

"ስንት እሑድ ነው?" አልኳት። "ስንት እሑድ እማዬ እንዲህ አለች እያልሽ የጻፍሽልኝ?"

"እሷ ምን ትል እንደነበር ተቀምጬ አስባለሁ" አለች ወይንሸት። "አይመጣልኝም። በርታ እላለሁ። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።"

"ስለ ልቤ ሳታውቅ ሞተች" አልኳት። "ፈቃድ ላይ ነው ብላ እያሰበች። ልነግራት ነበር እኮ።"

"ታውቅ ነበር" አለችኝ።

አንቺ ነሽ የነገርሻት ብዬ ጮህኩባት። "አልነገርኳትም። የመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቀችው። እንዲህ በድንገት ፈቃድ የሚሰጥ አሜሪካ የት አለ አለችኝ። ድምፁ ከታች ነው የሚመጣው፣ ልጄ ታሟል አለች። አንቃ ያዘችኝ፤ ልብ ነው አልኳት። እንዳወቅኩ እንዳትነግሪው አለች። ይጨነቃል፣ ለሱ ጭንቀት አይሆንም አለች።"

"ታዲያ የዓሣው ነገር?" አልኳት።

"ስለ ዓሣው ምን አስጨነቃት። ስለ ዓሣው የምጠይቀው ለዚህ ነው ትለኝ ነበር፤ ወጥቼ ነበር ካለ፣ ተነሥቶ ሄዷል ማለት ነው። አልወጣሁም ባልካት ቀን ራት አትበላም ነበር። ያዝኩ ያልካት ዕለት ጎረቤት ጠርታለች፤ ልጄ ጀልባ ላይ ራሱ ወጣ፣ በክንዱ ጎተተ እያለች።"

እኔ ያን ቀን ዋሽቼ ነበር አላልኳትም።

ወይንሸት አላቆመችም። "የመጨረሻዋ ቀን ጠርታ፣ እኔ ብሄድ ሐኪሙ ድኗል እስኪል አትንገሩት አለች። ናርዶስን ራሷ በስልክ አነጋገረቻት፣ ቃል አስገባቻት። ናርዶስ እያለቀሰች እምቢ አለቻት። እማዬ አንጀቷ ጠንካራ ነው፤ ቃል ሳታስገባት ስልኩን አልዘጋችም።"

ናርዶስ ይህን አልነገረችኝም። ይቅር አልልሽም ስላት እንኳ ኩሽናው ውስጥ ሳህን ይዛ ቆማ አልነገረችኝም። እናትህ ናት ያዘዘችኝ ብትል እኔ በእማዬ እንዳልቆጣ፣ ቁጣውን ሁሉ ራሷ ተሸከመችው።

ልሰድብ ያነሣሁትን ስልክ ይዤ አለቀስኩ። ወይንሸትም አለቀሰች። ያኔ አብሬ ያላለቀስኩትን ከእሷ ጋር አለቀስኩ፤ ቸርች ቀረብኝ። ስንጨርስ ናርዶስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ና ቁርስ ብላ አለችኝ። እጇን ያዝኩና ይቅር በይኝ አልኳት። እንቁላሉ እንዳይቀዘቅዝ አለችኝ።

ፌብሩዋሪ 28፣ ቅዳሜ

እማዬ፣ ዛሬ ወጥቼ ነበር። ጀልባዋ ላይ ራሴ ወጣሁ፤ ፊሊጶስም ሳልለምነው መጣ። ምንም አልያዝንም።